በገበታ ላይ ስለሚደረገው የታንክ ጦርነት

ሰው የቀኑን ሥራ ጨርሶ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ አእምሮውን በምን እንደሚያሳርፍ መመርመር ለቤተሰብ ገጽ የማይገባ ነገር አይደለም፤ ባለቤቱና ልጆቹ አብረውት የሚያመሹት ከዚያ ከሚያርፈው ሰው ጋራ ነውና። አንዳንዱ መጽሐፍ ያነባል፤ አንዳንዱ ከወዳጆቹ ጋራ ጠጅ እየጠጣ ይጫወታል፤ አንዳንዱም ያልጨረሰውን የመሥሪያ ቤት ነገር ይዞ ገብቶ እራቱን ከነገሩ ጋራ ይበላል። እኛ የፍርድ ቤት ጸሓፊ እንደ መሆናችን መጠን ቀኑን ሙሉ የከሳሽንና የተከሳሽን ቃል ስንጽፍ እንውላለን፤ ማታ ደግሞ ሁለት ጠላቶችን በአንድ ገበታ ላይ አስቀምጠን ሁለቱንም ራሳችን እናዋጋለን ብንል የሚስቅብን አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሳቅ፤ ነገር ግን ነገሩ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይስማ።

ጨዋታው ፓንዘርብሊትስ ይባላል። የደረሰው ጄምስ ዳኒጋን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፥ ያሳተመው በባልቲሞር ከተማ የነበረው አቫሎን ሂል የሚባል ኩባንያ ነው፤ ዘመኑም 1970 ነበረ፤ በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ የምናመለክተው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ነገሩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ1941 እስከ 1945 ድረስ ጀርመኖችና ሶቪየቶች በምሥራቁ ግንባር በታንክ የተዋጉት ውጊያ ነው። ከዚያ በፊት የታወቁት የዚህ ዐይነት ጨዋታዎች አብዛኞቹ ጦሩን በክፍለ ጦርና ከዚያም በሚበልጥ ሠራዊት ስለሚቈጥሩ፥ ተጫዋቹ እንደ ታላቅ ጄኔራል ከሩቅ ሆኖ ያዝ ነበር። ይህኛው ግን ወደ ታች ወርዶ አንዱን ቁልቁለት፥ አንዱን ጫካ፥ አንዱን የመንደር መንገድ ያሳያል።

ሦስት የካርቶን ገበታዎች አሉት። በየትኛውም ወገን ቢጋጠሙ መንገዱ ከመንገድ፥ ኮረብታው ከኮረብታ እንዲገናኝ ሆነው ስለ ተሣሉ፥ እነርሱኑ በማገላበጥ ብዙ አገር ማውጣት ይቻላል። የገበታው ፊት እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን በሆኑ ቤቶች ተከፋፍሏል፤ አንዱ ቤት 250 ሜትር ምድር ነው፤ አንዱም ተራ 6 ደቂቃ ያህል ጊዜ ነው። ጦሩ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ በተቈረጠ ካርቶን ይመሰላል። አንዲቱ የጀርመን ቍራጭ አራት አምስት ታንክ ያለበትን ጭፍራ ስታመለክት፥ በላይዋ የታንኩ ሥዕልና ቍጥሮች ታትመውባታል፤ የማጥቂያው ኀይል፥ የመድፉ ርቀት፥ የመከላከያው ብርታት፥ የመጓዣው ፍጥነት። ተኵስ በሆነ ጊዜ የአጥቂው ኀይል ከተከላካዩ ብርታት ጋራ ይመዛዘንና ባለ ስድስት ገጿ የዕጣ ጠጠር ትጣላለች፤ ከዚያ በኋላ ፍርዱ ከሠንጠረዥ ላይ ይነበባል። ፍርዱም ሦስት ዐይነት ነው፤ ወይ ምንም አይሆንም፤ ወይ ጭፍራው ተበትኖ ቍራጯ በግንባሯ ትደፋለች፤ ወይም ፈጽማ ከገበታው ትነሣለች።

ሣጥኑን ያገኘነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ካስተማሩን መምህር ነው፤ ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ ትተውልን ሄዱ። የሕጉ መጽሐፍ ቀጭን ነው፤ ቃሉ ግን የጠበቀ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አንዱን ቃል ይዞ አንድም ይህ ነው፥ አንድም ያ ነው እያሉ መመርመርን ለምደን ስለ ነበር፥ ያንን ሕግ ለመረዳት ከእንግሊዝኛው ይልቅ አንድምታው ሳይጠቅመን አልቀረም።

አባቶቻችን የጦርነትን ጨዋታ አያውቁም ነበር የሚል ሰው እንዳይኖር ሰንጠረዥን እናስታውሳለን። ሰንጠረዥ በመኳንንቱ ቤት የታወቀ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ሲጫወቱት አይቶ ጽፏል። በአገራችን ሰንጠረዥ በሌላ አገር የማይገኝ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ወረራ የሚባለው ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፥ እየተሽቀዳደሙ፥ ጭፍሮቻቸውን እንደ ፈቀዱ ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ከማረከ በኋላ ግን ተራ በተራ ይሆናል። በዙሪያው የተቀመጠውም ሰው ዝም አይልም፤ ፈረሱን አንሣ፥ ንጉሡን ሸሽገው እያለ ይመክራል፤ ይሟገታል። የሰንጠረዥ ደስታው ግማሹ ጩኸቱ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የታንኩ ጨዋታ ግን ዝምታ ይወዳል። ሕጉን የሚያነብ ወዳጅ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ካገኙትም በኋላ አምስት ሰዓት ሙሉ ከካርቶን ቍራጭ ጋራ አስቀምጦ ማቈየት ከዚያ ይብሳል። በውጭ አገርም ቢሆን ብዙዎቹ ገዢዎች ብቻቸውን እንደሚጫወቱ አሳታሚዎቹ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ አቫሎን ሂል በኋለኞቹ ሣጥኖቹ ጀርባ ላይ ጨዋታው ለብቸኛ ሰው ምን ያህል እንደሚስማማ ያትም ነበር።

ብቻውን የሚጫወተውን ሰው የሚያስቸግረው ተቃዋሚው የሚያስበውን አስቀድሞ ማወቁ ነው። የእነዚህ ጨዋታዎች አባት የሚባለውን ክሪግስሽፒልን የፕሩሲያው መኰንን ፎን ራይስቪትስ በ1824 ባወጣው ጊዜ፥ በሁለቱ ወገን መካከል ዳኛ አስቀምጦ ነበር። ዳኛው ለያንዳንዱ ወገን ቃፊሮቹ ሊያዩ የሚችሉትን ብቻ ይነግረዋል፤ የቀረውን ይሰውርበታል። ብቸኛው ተጫዋች ግን ቀኙም ግራውም ዳኛውም እርሱ ነው። ከጫካው በስተጀርባ የተደበቀውን መድፍ ራሱ ደብቆታልና የሚሸሽገው ከማን ነው?

ከዚህ በላይ ደግሞ ማድላት አለ። እኛ ቲ-34 የሚባለውን የሶቪየት ታንክ እንወደዋለን፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንናገራለን። ስለዚህ ቲ-34 በሜዳ ላይ በተጋለጠ ጊዜ፥ የጀርመኑ መድፍ ዛሬ ሌላ ዒላማ ቢመርጥ ምናለበት የሚል ድምፅ ከውስጣችን ይሰማል። ድምፁም ሁልጊዜ መልካም ምክንያት ይዞ ነው የሚመጣ፤ ርቀቱ በዝቷል፥ ጥይቱ ለኋላ ይቈጠብ፥ ይህን የመሰለ ነገር። በችሎት የሚያደላ ሰው ሁሉ አደላለሁ ብሎ አይነሣም፤ ለአንደኛው ወገን ምክንያት ሲፈልግለት ያመሻል፤ ለሁለተኛው ግን አይፈልግለትም። ስለዚህ በገበታው ላይ በቅን ልቡና መታመንን ትተን ሥርዐት ማበጀትን መረጥን።

ሥርዐቱም እንዲህ ነው። የጀርመንን ትእዛዝ በአንዱ ማታ እንጽፋለን፤ የትኛው ጭፍራ ወዴት እንዲሄድ፥ የት እንዲጠብቅ፥ ምን ቢያይ እንዲተኵስ፥ ለሦስት ለሦስት ተራ ያህል ጽፈን በወረቀት አጥፈን እናስቀምጣለን። የሶቪየትን ትእዛዝ በማግሥቱ ማታ ወንበራችንን ወደ ሌላው የገበታ ወገን አዙረን እንጽፋለን፤ ወንበር ማዞሩ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ኮረብታው ከዚያ በኩል ሲታይ ግን ሌላ ኮረብታ ነው። ለአጥቂው ወገን አንድ ትእዛዝ ብቻ አንጽፍም፤ ሦስት እንጽፋለን፤ አንዱ በቀኝ፥ አንዱ በግራ፥ አንዱ በመካከል። ከዚያ ዕጣ እንጥላለን፤ 1 ወይም 2 ቢወጣ በቀኝ፥ 3 ወይም 4 ቢወጣ በግራ፥ 5 ወይም 6 ቢወጣ በመካከል ይሆናል። ዕጣ የወደቀበትን ትእዛዝ መጥፎ ነው ብሎ መተው ክልክል ነው፤ ደካማ ነገር የያዘ ጠበቃም ቢሆን የቆመለትን ሰው ነገር በሙሉ ኀይሉ ይናገራልና።

ባለፈው የጾም ወራት በዚህ ሥርዐት የተደረገ አንድ ውጊያ አለ፤ እርሱን እንናገር። ዕጣው በመካከል የሚለውን አወጣ። መካከሉ ገላጣ ሜዳ ነው፤ ከላይ በኮረብታው ጫፍ ፓንተር የሚባሉት ረዥም መድፍ ያላቸው የጀርመን ታንኮች ሊቆሙበት የሚገባ ስፍራ አለ። በሞት ትእዛዝ ላይ እጃችንን እንዳኖርን ቈጥረን ቲ-34ቶቹን ወደ ሜዳው አወጣን። ከዚያ የጀርመኑን ወረቀት ከፈትን። ጀርመኑ በስተግራ በኩል ያለውን ጫካ ፈርቶ ፓንተሮቹን ወደዚያ ልኳቸዋል፤ ሦስት ተራ ሙሉ ባዶ ጫካ እንዲጠብቁ ታዘዋል። የጻፍነው እኛ ነን፤ ነገር ግን በጻፍንበት ማታ ጫካው በእውነት አስፈሪ ነበር። ቲ-34ቶቹ ሜዳውን ያለ ጕዳት ተሻግረው መንደሩ ውስጥ ገቡ። ሁለቱንም ወረቀት በገዛ እጃችን ጽፈን ሳለ፥ እንደ ባዕድ ሰው ተደንቀን ቀረን። ባለቤታችን ከጓዳ፥ «ደግሞ ማን አሸነፈ?» ብላ ጠየቀችን፤ እኛ ነን ብንል እውነት ነው፤ ተሸነፍን ብንልም እውነት ነው።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም፤ የሕግ ሰዎች ይህንን ይወዱታል። በፓንዘርብሊትስ ሕግ ያንድ ወገን ተራ በደረሰ ጊዜ መጀመሪያ ይተኵሳል፤ ቀጥሎ ይጓዛል። በጫካ ውስጥ ያለውንም ጭፍራ አጠገቡ ያለ ጠላት ካልሆነ በቀር ሌላ ሊያየው አይችልም። ሁለቱ አንቀጾች ለየብቻቸው መልካም ናቸው፤ ሲጋጠሙ ግን በመካከላቸው ቀዳዳ ይወጣል። ታንክ ከአንዱ ጫካ ተነሥቶ በጠላት መድፍ ፊት ገላጣውን ሜዳ በሩጫ አቋርጦ ሌላው ጫካ ቢገባ፥ በሚያልፍበት ጊዜ የሚተኵስበት የለም፤ የጠላት ተራ ሲደርስ ደግሞ ተሰውሯል። ተጫዋቾች ስለዚህ ነገር ብዙ አጕረመረሙ፤ ቀልደውም ስም አወጡለት። በ1974 የወጣው የምዕራቡን ግንባር የሚመለከተው ታናሽ ወንድሙ ፓንዘር ሊደር፥ በጕዞ ላይ ባለው ጠላት የመተኰስ ፈቃድ በመስጠት ቀዳዳውን ደፈነው። እኛም ያንን አንቀጽ ወደ ቀደመው ጨዋታ ወስደን እንሠራበታለን። ሁለት ሰው ቢሆን በዚህ ይከራከር ነበር፤ አንደኛው ቃሉ ይጠበቅ፥ ሁለተኛው አሳቡ ይጠበቅ ይል ነበር። ብቻውን የሚጫወት ሰው ግን በቀዳዳው ቢገባ የሚከሰው የለም። ቀዳዳውን የደፈንነው ስለዚሁ ነው።

ባለቤታችን ጨዋታውን አትጠላም፤ ገበታው የእራቱን ጠረጴዛ አራት ቀን ሲይዝ ግን ትጠላለች። አንድ ቀን ቍራጯን አንሥታ አገላብጣ አየችና፥ «ሰዎቹ የታሉ?» አለችን። ጥያቄዋ ቀላል አልነበረም። በቍራጯ ላይ ብረቱ ተሥሏል፤ ሰው የለም። የፓንተር ታንክ አምስት ሰው ይይዛል፤ ስለዚህ ዕጣው አንዲቱን ቍራጭ ከገበታ ባነሣ ቍጥር፥ እናት ያላቸው ሃያ ወይም ሃያ አምስት ሰዎች ናቸው ከነብረታቸው የተነሡት።

ሰዎቹን የሚያሳይ ሌላ ጨዋታ አለ። ብሩስ ሼሊ የደረሰው፥ አቫሎን ሂል በ1987 ያሳተመው ፓተንስ ቤስት ነው፤ ይህ ከመጀመሪያው ለአንድ ሰው ብቻ ተብሎ የተሠራ ነው። ተጫዋቹ የሚያዝዘው አንድ ሸርማን ታንክ ብቻ ሲሆን፥ ታንኩ የአሜሪካው 4ኛ የብረት ለበስ ክፍለ ጦር ነው፤ ዘመኑም ከሐምሌ 1944 እስከ ሚያዝያ 1945 ነው። ጠላትን የሚያንቀሳቅሱት ዕጣውና ሠንጠረዡ ናቸው፤ ስለዚህ ማድላት የለም። በታንኩ ውስጥ አምስት ሰዎች አሉ፤ አዛዥ፥ ተኳሽ፥ አጕራሽ፥ ነጂና ረዳት ነጂ። ጥይቱን ወደ መድፉ የሚያገባውን ሰው በእኛ ቋንቋ አጕራሽ ማለታችን፥ እንጀራ ለሚወዱት ሰው የማጕረስን ቃል ከዚያ ማግባታችን፥ ሁልጊዜ ያስደንቀናል። ለያንዳንዱ ሰው በወረቀት ላይ የስም ስፍራ ተትቶለታል፤ ስሙን የሚጽፈው ተጫዋቹ ነው። ታላቁ ልጃችን ይህን ባየ ጊዜ እርሳስ አምጥቶ የራሱንና የወንድሞቹን ስም በየስፍራው ጻፈ። ባለቤታችን አይታ ምንም አልተናገረች፤ ላጲሱን አምጥታ በልጁ ፊት አኖረችለት። ልጁም አጠፋ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ስም ሳይኖረው ብዙ ጊዜ ቈየ።

አሁን ስለ ቲ-34 ያቈየነውን እንናገር። አጎታችን በእኛ አቈጣጠር በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በምሥራቅ ከሶማሊያ ጋራ በተደረገው ጦርነት የታንክ ተኳሽ ነበሩ። በዚያ ዘመን ከሶቪየት አገር ከመጡት ታንኮች መካከል ቲ-34ም ነበረበት፤ በልጅነታችን የዚያን ታንክ ስም የሰማነው ከእርሳቸው አፍ ነው። ስሙን ብቻ ነው የሰማነው፤ ስለ ጦርነቱ የነገሩን ሌላ ነገር የለም፤ የሚጠይቃቸውም አልነበረም። ለበዓል ወደ ቤታችን በመጡ ጊዜ ገበታው ተዘርግቶ አገኙት። መነጽራቸውን አድርገው ለረዥም ጊዜ ቁመው ተመለከቱት፤ ከዚያ፥ «ይህ ሁሉ የሚታየው ለማን ነው?» አሉ።

«ለሚጫወተው ሰው ነው፥ ጋሼ» አልናቸው።

አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አቀራርበው በመካከላቸው የቀረውን ጠባብ ክፍት አሳዩን። «እኛ የምናየው በዚህ ልክ ነበር፥ ልጄ። ሙቀቱ፥ ጢሱ፥ የሞተሩ ጩኸት። ከየት እንደ ተተኰሰ የምናውቀው አጠገባችን ያለው ታንክ ሲቃጠል ነው።»

ይህን የሰማን ሰዎች የተጻፈውን ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሰን ስንመለከት ብዙ ነገር ተገለጠልን። በጦርነቱ መጀመሪያ ዘመን የተሠራው ቲ-34 አራት ሰው ይይዝ ስለ ነበር፥ አዛዡ መድፉንም ራሱ ይተኵስ ነበር፤ ዐይኑን ከመድፉ መነጽር ላይ ካኖረ ዙሪያውን የሚያይለት አልነበረም። ብዙዎቹም ራዲዮ ስላልነበራቸው የአለቃቸውን ታንክ እያዩ ይከተሉ ነበር። የጀርመኑ አዛዥ ግን ሥራው ማየትና ማዘዝ ብቻ ነበር። 85 ሚሊሜትር መድፍ ያለው ቲ-34 በ1944 ወደ ጦር ሜዳ ሲወጣ አምስተኛ ሰው የተጨመረበት ስለዚህ ነው። በአገራችንም ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በደምበጒና የራስ እምሩ ጦር የኢጣሊያንን ታናናሽ ታንኮች ባገኘ ጊዜ፥ መትረየሳቸው ወደ ፊት እንጂ ዙሪያውን የሚዞር አልነበረምና አርበኞቹ በጐንና በኋላ እየደረሱ ያዟቸው። በዚያ ብረት ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎችም እንደ አጎታችን በጠባብ ቀዳዳ ነበር የሚያዩት።

ፓተንስ ቤስትን አውጥተን ባሳየናቸው ጊዜ አጎታችን ከሕጉ ሁሉ አንዱን ብቻ ደጋግመው አስተረጐሙን፤ እርሱም ስለ ታንኩ ክዳን የሚናገረው ነው። አዛዡ ክዳኑን ከፍቶ ብቅ ቢል ዙሪያውን በደንብ ያያል፤ ጠላትን ቀድሞ ያገኛል፤ ነገር ግን ጥይት በቀላሉ ይደርስበታል። ቢዘጋው ይጠበቃል፤ ግን ዕውር ይሆናል። ይህ ሕግ የተጻፈው ባሜሪካ ነው ብለን ብንነግራቸው፥ «የጻፈው ሰው ጠይቆ ነው የጻፈው» አሉ። ከዚያ እርሳሱን ከእጃችን ተቀብለው ባዶውን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከተኳሹ ስፍራ የራሳቸውን ስም ጻፉ፤ በቀሩት አራት ስፍራዎች አራት ስሞች ጻፉ። ስሞቹን በዚህ ጋዜጣ አናወጣም። ባለቤታችንም ያን ቀን ላጲስ አላመጣችም፤ ቡና አፈላች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ይመጣሉ። ክዳኑ ይከፈት ወይስ ይዘጋ በተባለ ቍጥር ይከፈት ይላሉ። ዕጣውን ግን ራሳቸው አይጥሉም፤ እኛ እንድንጥል ያደርጋሉ፤ ቍጥሩ እስኪነገራቸውም ድረስ ወደ መስኮቱ ይመለከታሉ። ከሐምሌ 1944 ተነሥተን እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ መስከረም አጋማሽ ደርሰናል፤ ነጂው አንድ ጊዜ ቈስሎ ተመልሷል። አምስቱም አሉ።